በዳዩ የእኔ ልጅ ሆኖ ተገኘ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 13 ዓመቱ ነው፣ ሰባተኛ ክፍል ይማራል። ባለፈው ሳምንት ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ሳለ መልእክት በላይ በላዩ ሲገባበት ከፍቼ አየሁት። የክፍላቸው ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከዘጌ መጥቶ አጎቱ ጋ እየኖረ የሚማር አንድ ልጅ አለ፤ አጎቱ አሳ ነጋዴ ነው። የዚህን ልጅ ፊት ከክፍል ፎቶ ላይ ቆርጠው፣ የአሳ ጭራ ቀጥለው፣ ‹አምባዛ መጣ› ብለው ጽፈው ስቲከር አድርገውታል። ሌላው አፍንጫውን ይዞ እያወራ ድምፁን ቀርጾ ልኳል። ወደ ላይ እያነበብኩ ስሄድ ግሩፑን የከፈተው የእኔ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ስቲከሩንም የሠራው እሱ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት መምጣት ካቆመ ሰንብቷል። እነሱ ግን ‹አምባዛ ወደ ጣናው ተመለሰ› እያሉ ይስቃሉ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ቀበቶውን እንደሚፈታ አውቃለሁ። ታላቅ እህቴ ‹የልጆች ጨዋታ ነው፣ ግሩፑን አጥፊና ዝም በይ፣ ትምህርት ቤቱ ከሰማ ያባርሩታል› አለችኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

አንገቷን የደፋች እናት»

እህቴ፣ ስለዚህ ጉዳይ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ከሞላ ጎደል የተበደለው ልጅ ወላጅ የጻፈው ነው። የአንቺ ከወዲያኛው በኩል መጣ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሸሽጎ ይይዘዋል እንጂ አይጽፈውም። ስለዚህ የሌሎቹን ደብዳቤዎች ለሚቀጥለው አሳድሬ ዛሬ ላንቺ ብቻ እመልሳለሁ።

ከስልኩ እንጀምር። ግሩፑን ዛሬ አታጥፊው። የከፈተው ልጅሽ ስለሆነ ከሁሉም ስልክ ላይ ባንድ ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል፤ ነገር ግን ነገ ሌላው ልጅ በሌላ ስም ይከፍተዋል፣ ያኔ አንቺም አታዪውም። የሆነውም እንዳልሆነ ይቀራል። ቀኑና የላኪዎቹ ስም እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሹት አንሺና ያንቺው ስልክ ላይ አስቀምጪው። ለማንም አትላኪው፤ ለእህትሽም ቢሆን። ትልልቅ ሰዎች «ጉድ እዩ» እየተባባሉ ሲያዞሩት ልጁ ሁለተኛ ይዋረዳል። ይህን ከጨረስሽ በኋላ ስቲከሩ ዛሬውኑ ማታ ይጥፋ። የሠራው ልጅ በሠራበት አካውንት መልሶ ሊያጠፋው ይችላል፤ አንቺ አጠገቡ ተቀምጠሽ እሱ በገዛ እጁ ያጥፋው። ምስሉን ስልካቸው ላይ ያስቀመጡት ልጆች ጋ ግን ይቀራል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

«የልጆች ጨዋታ ነው» የሚለውን የእህትሽን ቃል ከሌሎች ብዙ ሰዎችም እሰማዋለሁ፣ መምህራን ጭምር። ልጆች ይፎጋገራሉ፣ ይበሻሸቃሉ፤ ይህ ባይኖር ልጅነት ምኑን ልጅነት ይሆናል። ታዲያ መለያው ምንድን ነው? በዚህ ነገር ላይ ቀድሞ በስፋት ያጠናው ዳን ኦልዌየስ፣ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስዊድንና ኖርዌይ ውስጥ የሠራው የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ሦስት ነገር ያይ ነበር፦ ሆን ተብሎ መደረጉን፣ መደጋገሙን፣ አንደኛው ወገን በጉልበትም በቁጥርም በሌላም ከሌላው መብለጡን። ፉገራ ተራ አለው። ዛሬ እኔ ልፎግርህ፣ ነገ አንተ ትፎግረኛለህ፣ ሁለታችንም እንስቃለን። የዘጌው ልጅ ተራው መቼ ደረሰው? ግሩፑ ውስጥስ አለ? ካለ ሁሉንም እያነበበ ነው፤ ከሌለም ያዩት ልጆች ዓይን ላይ እያነበበው ነው። እናቱ እዚህ የለችም፣ ጓደኛ ገና አላበጀም፣ ያደረው ሰው ቤት ነው። አንድ ልጅ ለአንድ ክፍል። ሦስቱም መለኪያ ተሟልቷል።

ስልኩ ደግሞ የራሱን ጨምሮበታል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ስንቱን ነገር አጣን፤ ግን ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ነገር ቢያንስ በሩ ላይ ይቀር ነበር። አሁን ልጁ አልጋው ውስጥ ገብቶም «አምባዛ» ይባላል።

የምፈራልሽን ነገር ልንገርሽ። እኛ እርቅ እንወዳለን፤ ክፉ ነገርም አይደለም። አንቺም ይህን ስታነቢ «ልጄን ይዤ፣ ሽማግሌ አስቀድሜ፣ እግሩ ላይ አስወድቄ ላስታርቃቸው» ብለሽ ይሆናል። ትምህርት ቤቱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ መምህሩ ሁለቱን ጠርቶ «በሉ ታረቁ፣ ተጨባበጡ፣ ወንድማማቾች ናችሁ» ይላል። ልጆቹ ይጨባበጣሉ። ከቢሮው ወጥተው ሜዳው ጋ ሳይደርሱ አንደኛው በሌላው ጆሮ «አቃጣሪ» ይላል፤ አለቀ። በማስተምርበት ዘመን ይህን ትርኢት ከመስኮት ብዙ አይቻለሁ። ሽምግልና ሁለት ሰው ሲጣላ ነው፤ ሁለቱም ጥፋት ሲኖራቸው፣ ሁለቱም የሚለቁት ነገር ሲኖር። የዘጌው ልጅ ከማንም አልተጣላም። ምን ሊለቅ ነው? አሳ የሚሸጥ አጎቱን? እፊቱ ተንበርክኮ «ይቅር በለኝ» የሚለውንም ልጅ ትልልቅ ሰዎች ዙሪያውን ቆመው እያዩት «አልልም» ማለት አይችልም፤ ሌላ ማስገደድ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ትልልቆቹ ብቻ ይገናኙ፣ አንቺና ባለቤትሽ ከአጎትየው ጋር። ልጅሽ ይቅርታውን በወረቀት ይጻፍና ለአጎትየው ይሰጥ። ልጁ ሲፈልግ ያነበዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል፤ መልስም አይጠየቅ። ልጅሽን ለማግኘት አንድ ቀን እሺ ካለ ጥሩ፤ ካላለ ልጅሽ ያንንም ይሸከማል።

ከደብዳቤሽ ዓይኔን የያዘው አንዲት ቃል ናት፦ «ይስቃሉ»። ስቲከሩን የሠራው አንድ ልጅ ነው፤ ስቲከሩን ያኖረው ግን ሳቁ ነው። ፊንላንድ ውስጥ፣ ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ፣ ክርስቲና ሳልሚቫሊ ከባልደረቦቿ ጋር በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ጥናት አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆችን እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚሆኑ ለየቻቸው፦ የሚያስጀምረው፣ አብሮት የሚያግዘው፣ በሳቅና በጭብጨባ የሚያበረታታው፣ ዞር ብሎ የሚያልፈው፣ ለተበደለው የሚቆምለት። ከዚያ ሥራ ኪቫ የሚባለው የአገሪቱ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ወጣ፤ ከአስጀማሪው ይልቅ ተመልካቹ ላይ ነው የሚሠራው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች የትምህርት ቤት ሜዳን በካሜራ ቀርጸው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ውጤት አለ። ከልጆቹ አንዱ መሐል ገብቶ «ተዉት» ያለበት ጊዜ ጥቂት ነበር፣ ከ100 ወደ 19 ገደማ። ሲገባ ግን ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ፣ ከ100 በ57ቱ፣ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። የርዕሰ መምህር ንግግር የማይሠራውን አንድ ልጅ በአንድ ቃል ሠራው ማለት ነው።

እናም ልጅሽ ግሩፑን ከማጥፋቱ በፊት እዚያው ግሩፕ ላይ፣ ሁሉም እያዩት፣ በራሱ ቋንቋ አጭር ነገር ይጻፍ። አንቺ አትጻፊለት፤ የእናት ጽሑፍ በአንድ መስመር ይታወቃል። እንዲህ ያለ ነገር፦ «ስቲከሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ልክ አልነበረም። አጥፍቼዋለሁ፣ ያስቀመጣችሁም አጥፉት። ከአሁን በኋላ ስለ እሱ የሚጽፍ ካለ ከግሩፑ አስወጣዋለሁ።» «ቀልድ ነበር ግን» የምትል ሐረግ እንዳትገባበት። የልጁም ስም አይጠራ፤ ያውቁታል። ከዚያ ቃሉን መጠበቁን ታያለሽ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግሩፑ ቢዘጋ እኔ ግድ የለኝም።

ይህን ሲጽፍ ግን እንደሚፈራ እወቂለት። ትናንት አብረውት ሲስቁ የነበሩት ነገ በእሱ ይስቁበታል፤ ይህን ያውቃል። ምናልባት ስቲከሩን ራሱ የሠራው ከዚሁ ፍርሃት ነው፤ ሌላ ሰው ላይ ሲሳቅ እኔ ላይ አይሳቅም የሚል ሒሳብ። ሰበብ አድርገሽ አትያዥለት፣ ግን አትናቂው። ከክፍሉ የሚያምነውን አንድ ሁለት ልጅ ቀድሞ ያነጋግርና እሱ እንደጻፈ ወዲያው «ልክ ነው» ይበሉ። ያ ብቻ ይበቃል። ብቻውን ከቆመ ግን ይመለሳል።

ከልጅሽ ጋር የምታወሩበትን ቦታ ምረጪ። ታናሹ እየሰማ፣ ምድጃ ዳር ቆመሽ እያጉረመረምሽ አይሆንም። ማምሻውን ወደ ሐይቁ ዳር ይዘሽው ውጪ፤ ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ሲያዩት ይዘጋል፣ ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን ያወራል። «ለምን?» ብለሽ አትጀምሪ፤ መልሱ «እኔ እንጃ» ነው፣ እውነቱንም ነው። «መጀመሪያ የሳቀው ማን ነበር?» በይው። ቀጥሎ «ያ ልጅ ስቲከሩን ያየው ዕለት ምን አደረገ?» ከዚህ በኋላ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝምብሻል፣ ልትሞዪው ትፈልጊያለሽ። ተይው። ከልጅሽ የምትፈልጊው «ሁለተኛ አልደግምም» የሚለውን አይደለም፤ ያን በአምስት ደቂቃ ይሰጥሻል። የምትፈልጊው ያን ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው ሲገልጽልሽ ነው፦ የት እንደሚቀመጥ፣ ሲስቁበት ምን እንደሚያደርግ፣ ከመቅረቱ በፊት መጨረሻ ላይ ምን ለብሶ እንደመጣ።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። «አምባዛ» የሚለው ልጅሽ ከየት አመጣው? የጣና ልጅ ሆኖ አሳ ስድብ የሚሆንበት እንዴት ነው? ይህ ከተማ ስንት ዓመት ከዚያ ሐይቅ በልቷል፤ ቀረሶው ተጠብሶ ሲቀርብልን ጣታችንን እየላስን ነው የምንበላው። አሳውን የሚያወጣውና የሚሸጠው ሰው ሲሆን ግን አፍንጫችን ይሸማቀቃል። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው ስንሰድብ ኖረናል። ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራውን፣ ከጣና ጋር የኖረውን የወይጦን ማኅበረሰብ በምን ዓይን ስናየው እንደኖርን የባሕር ዳር ሰው ሆኖ የማያውቅ የለም። አሁን ደግሞ «ተፈናቃይ» የሚለውን ጨምረንበታል፤ «የገጠር ልጅ»፣ «አነጋገሩ»። ልጆች ይህን ቡና ሲፈላ ሰምተው ነው ክፍል የሚወስዱት። ስለ ቤትሽ አላውቅም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከልጅሽ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ግን ባለፉት ወራት እሱ እየሰማ ስለ ማን ምን እንደተባለ ከባለቤትሽ ጋር አስታውሱ። ልጁ ራሱ «አንቺም እኮ ትያለሽ» ቢልሽ መልስ ሊኖርሽ ይገባል።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ ሂጂ። ያባርሩታል አያባርሩትም ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። የበዳይ እናት ራሷ ማስረጃውን ይዛ ስትመጣና ከጓሮ ተሰምቶ ወላጅ ሲጠራ ግን አንድ አይደለም። ከክፍል ኃላፊው መምህር ጀምሪ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩ፤ ከተጓተተ ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ አለ። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ከተባልሽ፣ ዩኔስኮ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት ከብዙ አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ከሦስት ተማሪ አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በእኩዮቹ እንዲህ እንደተደረገበት መናገሩን ንገሪያቸው። የትኛው ትምህርት ቤት ነው ከዚህ የሚያመልጠው?

ምን ትጠይቂያለሽ? በሰልፍ ሰዓት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ልጅሽን አውጥተው እንዳያሳዩት ጠይቂ፤ ለእሱ አዝኜ ብቻ አይደለም፣ እሱ ሲወጣ የዘጌውም ልጅ ስም አብሮ ይወጣል። «ሰላም እንዲያገኝ» ተብሎ የተበደለው ልጅ ወደ ሌላ ሴክሽን እንዳይዛወር ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው፣ በደልም ነው፤ መቀመጫ መለወጥ ካለበት የሚለወጠው የልጅሽ ነው። መምህር የማይደርስባቸው ቦታና ሰዓት እንዲታዩ ጠይቂ፦ መጸዳጃው አካባቢ፣ ፈረቃ ሲቀያየር ያለው ግርግር፣ ከበሩ እስከ ባጃጅ ተራው ያለው መንገድ። ደግሞም አንድ ልጅ ያየውን ለመምህር ቢነግር መምህሩ ክፍል ገብቶ «እገሌ ነግሮኛል» እንዳይል። በዚህ ነገር እኛ መምህራን ብዙ አበላሽተናል። አንድ ጊዜ ስሙ የተጠራ ልጅ ዳግመኛ አይናገርም፣ ሌላውም ከእሱ ይማራል።

የሕጉን ነገር ያነሳሁት ላስፈራራሽ አይደለም፤ አጎትየው ሊያነሱት ስለሚችሉ ሳታውቂው እንዳይሆን ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ሰውን በኮምፒዩተርና በስልክ መልእክት ማስፈራራትን፣ እየደጋገሙ በመላክ ማስጨነቅን፣ ክብር የሚነካ ጽሑፍ ወይም ምስል ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ለዕድሜው የተለየ የማረሚያ እርምጃ ነው ያለው። ልጅሽ 13 ነው። «ሕፃን ነው፣ ምንም አይመጣም» ማለት አትችዪም፤ «እስር ቤት ይገባል» ብለሽም አትሸበሪ።

ከአጎትየው ጋር ስትገናኙ ከይቅርታው ይልቅ የሚቸኩለው ነገር የልጁ ደኅንነት ነው። ስለ ልጁ እንቅልፍ፣ ስለ ምግቡ፣ ከቤት ይወጣ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ትምህርት ቤት መቅረቱን ላያውቁም ይችላሉ፤ ዩኒፎርሙን ለብሶ እየወጣ ሐይቁ ዳር የሚውል ልጅ አለ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ ከሆነ፣ ወይም ዕቃዎቹን ለሰው እያደለ ከሆነ፣ ብቻውን አይተውት፤ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ይየው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እንዲህ ላለ ነገር ጸበልና ሐኪም አንድ ላይ ቢሄዱ የሚከለክል የለም፤ ሐኪሙን ማዘግየት ነው መጥፎው። ስልኩንም «ለሰላምህ» ብለው እንዳይቀሙት ንገሪያቸው። ስልኩን የተቀማ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ለማንም አይናገርም።

የልጅሽ ስልክስ? ማታ ማታ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፣ የይለፍ ቃሉን አንቺም እወቂው። ጨርሰሽ ከወሰድሽበት በጓደኛው ስልክ ይገባል፣ አንቺ ደግሞ የምታዪው ነገር አይኖርሽም።

ባለቤትሽ ይቀራል። ዛሬ ንገሪው፤ ከትምህርት ቤት ከሰማ ሁለታችሁንም አያምናችሁም። ልጁ ተኝቶ ሳለ፣ ስክሪንሹቱን አሳዪው። የሚቆጣበት ነገር አለው፣ ይቆጣ። ቀበቶውን በተመለከተ ግን ፊት ለፊት ንገሪው፦ ይህ ልጅ የተማረው ጉልበት ያለው ጉልበት የሌለውን እንደሚያዋርድ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግመን ካስተማርነው ያው ነው። የተገረፈ ልጅ ደግሞ ቅጣቱን እንደከፈለ ይቆጥርና የይቅርታውን ወረቀት፣ ግሩፑ ላይ መጻፉን «ተገረፍኩ እኮ» ብሎ ይዘለዋል። ባለቤትሽ ቅጣት የግድ ካለ፣ ከባዱ ቅጣት የአጎትየውን ደጅ ማንኳኳት ነው፤ እሱንም መጀመሪያ የምታንኳኩት እናንተ ናችሁ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሂዱ፣ ሥራ ላይ ሳሉ ሰው ፊት አታናግሯቸው። ባዶ እጅ መሄድ ይከብድሻል፤ ቢሆንም ስኳርም ቡናም ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ አፍ ማዘጊያ ይመስላል። ልጅሽን እቤት ተዉት። ስቲከሩን አታሳዩአቸው፣ «ማየት እፈልጋለሁ» ካሉ ብቻ።